አራት ነጥብ ያደረግሁበት ቃል

ውድ ገሠሠ፣

ይህ ደብዳቤ እንደማይደርስህ አውቃለሁ። ብታነበው ኖሮ ገና በመጀመሪያው መስመር «ታዲያ ለማን ነው የምትጽፊው?» ብለህ ታስቆመኝ ነበር። ከሞትክ ሁለት ወር ሊሞላ ነው። ለሌላ ሰው ልናገረው ሞክሬ ያልሆነልኝ ነገር አለ፤ እሱን ለአንተው ልጻፍልህ ብዬ ነው።

መጀመሪያ ግን እንደ ልማዳችን የንባብ ወሬ። እኔና አንተ ስንገናኝ እንደምን ዋልክ እንደምን ዋልሽ እንኳ ሳንባባል «ምን ላይ ደረስሽ?» «አንተስ ምን ላይ ደረስክ?» ነበር የምንለው። እኔ የትም አልደረስኩም። አንድ ገጽ እጀምርና ግርጌው ላይ ስደርስ ራስጌው ላይ ማን እንደነበረ እረሳለሁ። ሀምዛ ያንን ወፍራም የሩሲያ ልብወለድ አሁንም ባጃጁ ውስጥ ይዞት ይዞራል፤ ሁለተኛው ክፍል ላይ ደርሷል። ባለፈው ሳምንት ከገበያ ወደ ዩኒቨርሲቲው የጫናትን ተሳፋሪ «እህቴ፣ ይቺን ገጽ ብቻ» ብሎ መንገድ ዳር ቢያቆምባት ወርዳ በእግሯ ሄደች አሉ። ጋሽ ሚሊዮን ከፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጡረታ ከወጡ ጀምሮ እንደሚያደርጉት ያነበቡትን ብቻ ደግመው ያነባሉ። «በዚህ ዕድሜዬ አዲስ ሰው መተዋወቅ አልፈልግም» ይላሉ፤ የመጽሐፍ ሰዎችን ማለታቸው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ እሳቸው ሳሎን እንሰበሰባለን። ሦስት ነን። ሦስት ሰው ሲከራከር ሁለቱ አንድ ወገን ይሆኑና ክርክሩ ቶሎ ያልቃል።

አንተ እያለህ አያልቅም ነበር። የእንግሊዞቹን ልብወለድ «ሻይ ሲቀዱ መቶ ገጽ አለፈ» እያልክ ታበሽቀኝ ነበር። የሩሲያዎቹን ደግሞ ከመጨረሻው ምዕራፍ ነበር የምትጀምረው። ማን እንደሚሞት ቀድመህ ካላወቅህ ልብህ አይረጋም። እኔ ይህን ነውር ነው እልህ ነበር። አሁን ሳስበው ነውር አልነበረም፤ ፈሪ ነበርክ፣ እንደ እኔው።

የተዋወቅነውም በነጥብ ነው። የቢሮህን ሪፖርት አማርኛውን እንዳቃናልህ ትምህርት ቤት ይዘህ መጣህ። ሦስት ገጽ ሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። «አራት ነጥብ የሚባል ነገር ሰምተህ ታውቃለህ?» አልኩህ። «እኔ አፌን የፈታሁት በካፊኖኖ ነው፤ አማርኛ ስጀምር ማቆሚያውን ሳያሳዩኝ ነው የለቀቁኝ» አልክ። ስትወጣ ጠረጴዛዬ ላይ የነበረውን ልብወለድ ተውሰህ ሄድክ።

አሁን ወደ «ሽፋን የለሿ» ልምጣ። አንተ ታውቃታለህ፤ እኔ ግን ከመጀመሪያው ካልጀመርኩ መጨረሻው ላይ መድረስ አልችልም።

ያቺ አሮጌ ልብወለድ ከጋሽ ሚሊዮን ሣጥን ስትወጣ ሽፋንም የፊት ገጾችም አልነበሯትም። ርዕሷን አናውቅ፣ ደራሲዋን አናውቅ። ከወረቀቷና ከፊደሏ እኛ ሳንወለድ የታተመች መሆኗን ብቻ ነበር የምናውቀው። ያለችን አንድ ቅጂ ስለሆነች ለአራት እየተቀባበልን አነበብናት፣ እንደ ደንባችንም እያንዳንዳችን ያሰብነውን በኅዳጉ ላይ በእርሳስ ጻፍንባት። ስም መጻፍ ክልክል ነበር። ለራሳችን ለአራታችን ግን ምን ይደበቃል? የአንተ ጽሑፍ ሽቅብ ይወጣል፣ እኔ ደግሞ ከሥሩ በማስመሪያ አሰምርበታለሁ።

ታሪኩ አጭር ነው። አንድ ሰው እጮኛውን ትቶ ለሹመት ሩቅ አገር ይሄዳል። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ሹመቱም ጤናውም ሲያልቅ፣ ልመለስ ወይ ብሎ ይልክባታል። እሷ መጻፍ አትችልም። ጸሐፊ ታስጠራና አንድ ቃል ብቻ ታስጽፈዋለች። ሰውየው መንታ መንገድ ላይ ቆሞ ወረቀቱን ይከፍታል። «ይቅር።» ይላል። መጽሐፉ እዚያ ላይ ያልቃል።

እኛ ግን ስድስት ዓመት ተጨቃጨቅንበት። አንተ «ይቅር ብላዋለች፤ ምሕረት ነው፤ ሰውየው ወደ እሷ ይሄዳል» አልክ። እኔ «መምጣትህ ይቅር ነው ያለችው፤ አትምጣ ማለት ነው» አልኩ። ማንኪራ ጫካ ማር ልንበላ የሄድን ቀን ትዝ ይልሃል? ንብ አናቢው ማሩን በኮባ ቅጠል አቅርቦልን፣ እጃችን ላይ እየተንጠባጠበ እኛ እንጮሃለን። ሰውየው የመሬት ክስ ያለብን መስሎት ሊያስታርቀን ተነሳ። ጋሽ ሚሊዮን «ክርክሩ ስለ አንዲት ሴት ነው» ቢሉት «የማን ሚስት ናት?» አለ። ሀምዛ በሳቅ መሬት ላይ ወደቀ።

«እናንተ በአማርኛ አፋችሁን የፈታችሁ ሰዎች» አልከኝ እዚያው፣ ጣትህን እየላስክ፣ «ለማባረርም ለምሕረትም አንድ ቃል ነው ያላችሁ። ምነው ቆጠባችሁ? በካፊኖኖ ብንጨቃጨቅ እኮ እስካሁን ተጨባብጠን ቤታችን ገብተን ነበር።»

እኔ የአማርኛ አስተማሪ ነኝና በአራት ነጥቡ መጣሁብህ። «ምሕረት ቢሆን ‹ይቅር ብዬሃለሁ› ትል ነበር። ቃሉን ብቻውን አስቀምጣ አራት ነጥብ አደረገችበት። አራት ነጥብ በር ነው፤ ዘግታዋለች» አልኩ።

«አራት ነጥቡን ያደረገው ጸሐፊው ነው» አልክ። «እሷ ያላት ድምጿ ነው። ድምጿ ደግሞ ወረቀቱ ላይ የለም።»

እኔ ግን አላመንኩልህም። እንዴት ብዬ ልመን? ባሌ ጅማ ደርሼ ልምጣ ብሎ ከወጣ አራተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። በዚያው ሰሞን ነው በመጨረሻው ገጽ ኅዳግ ላይ ያቺን የጻፍኳት፦ «እኔም ይቅር ነው የምለው። የበሬን ቁልፍ ቀይሬዋለሁ።»

ከዚያ በከተማው አዳራሽ የመጻሕፍት ቀን ተብሎ የተደረገው ዝግጅት መጣ። አንተ መድረክ ላይ ወጥተህ አንባቢ ከመጽሐፍ ጋር እንዴት እንደሚነጋገር ለማሳየት የኅዳግ ጽሑፎቻችንን አነበብክ። ስም አልጠራህም፤ ደንባችንን ጠብቀሃል። የእኔ ላይ ስትደርስ ድምፅህን እንደ ቀልድ አሳምረህ «የበሬን ቁልፍ ቀይሬዋለሁ» አልክ። በቦንጋ ባሏ ጠፍቶ ቁልፍ ያስቀየረች ሴት ማን እንደሆነች የማያውቅ የለም። ቁልፉን የገጠመው ሰውዬ ራሱ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። አዳራሹ ሳቀ። ተማሪዎቼ ሳቁ። አንተም ስለተሳቀልህ ፈገግ ብለህ ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን፣ ያኔ ገባህ።

ተከትለኸኝ ወጣህ። ይዘንብ ነበር። «ወሰኔ፣ በእግዜር፣ ስለ መጽሐፉ ሴት የጻፍሽው መስሎኝ ነው» አልከኝ። አምኜሃለሁ፤ ያኔውኑ አምኜሃለሁ። አንተ ከመጽሐፍ ውጪ ያለ ነገር የማይታይህ ሰው መሆንህን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ቢሆንም «ከዛሬ ጀምሮ አላውቅህም» ብዬህ ሄድኩ።

አሥራ ስድስት ወር ቃሌን ጠበቅሁ። እናትህና እህትህ ያሉበት ሺሺንዳ ዝውውር ጠይቀህ ሄድክ፣ «ሽፋን የለሿ»ንም ይዘሃት ሄድክ። ስልክ ስትደውል አላነሳሁም። ጋሽ ሚሊዮን ሊያስታርቁን ሁለት ጊዜ ሞክረው ሁለቴም ስምህን ሲጠሩ ተነስቼ ወጣሁባቸው። እውነቱን ልንገርህ፤ ንዴቴ አራት ወር አልቆየም። የቀረው አንድ ዓመት ኩራት ነው። አንድ ጥሩ ገጽ ባነበብኩ ቁጥር እጄ ወደ ስልኩ ይሄድ ነበር፤ እጄን እየቀጣሁ ነው የኖርኩት።

መጽሐፏ አጠገቤ ስላልነበረች ያቺን ሴት በሐሳቤ ብቻ ነበር የማነጋግራት። ባሰብኳት ቁጥር ድምጿ እየለሰለሰ መጣ። አትምጣ ለማለት እኮ ዝም ማለት ይበቃት ነበር። ጸሐፊ ማስጠራት፣ ሰው ፊት አፍ አውጥቶ መናገር ለምን አስፈለጋት? እንደዚህ ብዬ ራሴን ስሞግት ከርሜ አንድ ቀን ፈተና እያረምኩ ሳለሁ ተሸነፍኩ። አንተ ነበርክ ልክ። ይህን ልነግርህ ምክንያት ፈልጌ ስጠብቅ ነበር።

መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ ሐሙስ ዕለት፣ ከሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ስወጣ መልእክትህ ገባ። እስካሁን አለ፦ «ወሰኔ ደክሜያለሁ የበደልኩሽን አንቺ ታውቂዋለሽ ቅዳሜ ልምጣ»።

ነጥብ የለው፣ የጥያቄ ምልክት የለው። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። «ደክሜያለሁ» ያልከው ሥራ በዝቶብህ መሰለኝ። ኩላሊትህ መድከሙን፣ ጅማ ሆስፒታል ተኝተህ መመለስህን ማን ነግሮኝ? ስምህን ሲጠሩ ተነስቶ ለሚሄድ ሰው ማን ይነግራል?

እንግዲህ ኃጢአቴ ይኸውልህ። እንደማንኛውም ሰው መመለስ እችል ነበር። እኔ ግን ያማረ መልስ ፈለግሁ። አንዲት ቃል ምሬሃለሁ እንድትልልኝም፣ በስድስት ዓመቱ ክርክር መረታቴንም እንድትነግርልኝ ፈለግሁ። ስታነባት እልል ብለህ ስትስቅ ታየኝ። እጄም ልማዱ ነውና አራት ነጥብ ጨመረበት፦ «ይቅር።»

አንተ እንደምታነበው አድርጌ ነው የላክሁት። አንተ ደግሞ እኔ እንደማነበው አድርገህ አነበብከው።

ቅዳሜ ቤቴን ጠራረግሁ። ቆጮ አስጋገርኩ፣ አይብ ገዛሁ። ያ የተቀየረው ቁልፍ ሁለት መክፈቻ ነበረው፤ አንደኛውን ላንተ ብዬ በፖስታ አድርጌ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩ። ሰው ስለ እኔና ስለ አንተ የሚያወራውን ሰምቼ እስቅ ነበር። ያን ዕለት ግን አልሳቅሁም፤ ቁልፉን ብትቀበለኝ ብዬ ፈራሁ፣ ባትቀበለኝም ብዬ ፈራሁ። ሀምዛ መናኸሪያ ቆሞ ከሺሺንዳ የሚመጣውን መኪና ሁሉ ሲያይ ዋለ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጣና «መምህር፣ የለም» አለኝ።

ተናደድኩ። በአንተ ነው የተናደድኩት፤ ይህንንም ማወቅ አለብህ። ለምኖ ሲያበቃ ቀረብኝ፣ አሁን ምን ቢል አልመልስለትም ብዬ እንደገና ዘጋሁህ። ለሦስት ሳምንት ተኩል አንድ ጊዜ እንኳ አልደወልኩም። ከዚያ አንድ ማክሰኞ ጋሽ ሚሊዮን ትምህርት ቤት መጡ። እሳቸው ትምህርት ቤት መጥተው አያውቁም። ከበሩ ላይ ሳያቸው የያዝኩትን ጠመኔ ለተማሪ ሰጥቼ ወጣሁ።

ሺሺንዳ ስደርስ ተቀብረሃል። እናትህ ድንኳኑ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው የመጣውን ሰው ሁሉ ቀና እያሉ ያያሉ። እህትህ ብርቄ አላየችኝም፣ ወይም እንዳላየች ሆነች። በሦስተኛው ቀን ልሄድ ስል ከጓዳ «ሽፋን የለሿ»ን ይዛ ወጣች።

«መጽሐፍዎን ይውሰዱ» አለችኝ። አንድም ቀን እርስዎ ብላኝ አታውቅም ነበር።

«ብርቄ፣ ምን አደረግሁሽ?»

«እኔን ምን ያደርጉኛል። ሐኪሙ ከአልጋ አትነሳ ብሎት ሳለ ቅዳሜ ቦንጋ ካልሄድኩ ብሎ አስቸገረን። ሸሚዙን አጠብኩለት። የጎረቤት ባጃጅ እስከ መኪናው እንዲያደርሰው ተነጋግረን ነበር። ከዚያ መልእክትዎ ገባ።»

«ምን አለ?»

«ሳቀ። ‹አራት ነጥብ አድርጋበታለች› አለኝ። ሸሚዙን ቦታው መልሺው አለኝ።» መጽሐፏን እጄ ላይ አስቀመጠች። «እኔ ስሰድብዎት ተቆጣኝ። ‹ልክ ናት፤ እኔ ነኝ ሳይገባኝ የቆየሁት› አለ። ከዚያ ወዲያ ቦንጋን አላነሳም።»

መጽሐፏን እዚያው ቆሜ ከፈትኳት። የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ከእኔ የቁልፍ ጽሑፍ ሥር፣ ሽቅብ የሚወጣው እርሳስህ እንዲህ ይላል፦ «ወሰኔ ልክ ነበረች። አትምጣ ማለት ነው።» አራት ነጥብ አድርገህበታል። ሁለቱም ቦታ ላይ በትክክል አድርገህበታል።

ለብርቄ ላስረዳት ሞከርኩ። ስለ ሴትየዋ፣ ስለ ጸሐፊው፣ ስለ ስድስት ዓመቱ ክርክር፣ እኔ ለእሱ ብዬ የእሱን አነባበብ እንደተቀበልኩ፣ እሱም ለእኔ ብሎ የእኔን። ስናገረው ለራሴ ጆሮ እንኳ የውሸት ይመስል ነበር። እሷ እጇን አጣምራ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«እኔ መጽሐፍ አላነብም» አለችኝ። «ግን ‹ና› ብለው ቢጽፉለት አይመጣም ነበር?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አላሰብኩም። ሃያ ሁለት ዓመት አማርኛ አስተምሬያለሁ። አንዲት ፊደል ነበረች የምትበቃው፤ ፊደል ቆጠራ የጀመረ ሕፃን የማያጣት ፊደል። አንተ መጽሐፍ ማንበብ ሰውን ማወቅ ነው ትል ነበር፣ እኔም ለተማሪዎቼ ይህንኑ ስሰብክ ኖሬያለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ አንዲት የወረቀት ሴት ልብ ስንከራከር አንተ የእኔን፣ እኔ የአንተን አልጠየቅንም። አሁን መደርደሪያዬን ሳይ ያስጠላኛል። ጋሽ ሚሊዮን ጊዜ ይፈታዋል ይሉኛል፤ ምኑን እንደሚፈታው ግን አይነግሩኝም። የታረቅን ሰዎች ነበርን፣ ገሠሠ። አንተ ግን እንደተጣላን ሞትክ፤ ከዚህ የሚያወጣኝ ገጽ የለም።

ባለፈው ሰኞ አንድ የማይረባ ነገር አደረግሁ። ከክፍል ወጥቼ ስልኬን ከፈትኩና ከ«ይቅር» ሥር «ና» ብዬ ጻፍኩ። ነጥብ አላደረግሁበትም። ላክሁት። ምን አስቤ እንደሆነ አትጠይቀኝ። ስልክህ ተዘግቶ የትም የማይደርስ መስሎኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከአንተ ቁጥር መልስ መጣ። ስምህን ሳየው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ብርቄ ናት፦ «እትዬ ስልኩ እኔ ጋ ነው እባክዎ ሁለተኛ አይላኩ ስልኩ በጮኸ ቁጥር እማዬ እሱ መጣ ብላ በር ልትከፍት ትነሳለች»።

ለዚህ ነው በወረቀት የጻፍኩልህ። ወረቀት አይጮህም።

ያንተ፣
ወሰንየለሽ
ቦንጋ፣ ታኅሣሥ